ካሜራውን የጠበቅሁበት ሌሊት

ባለፈው ዓመት ከባሕር ዳር አንድ ያገለገለ ሌንስ ገዛሁ። ፎቶ አንሺዎች «ዋይድ» የምንለው፣ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ፎቶ የሚያስገባ ሰፊ ሌንስ ነው። ሻጩ ከቦርሳው አውጥቶ ሲያቀብለኝ፣ ክብደቱ መዳፌ ላይ ገና እንዳረፈ የአሥር ዓመት ልጅ ሆንሁ። አባባም እንዲህ ያለ ሌንስ ነበራቸው።

አባባ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፎቶ ቤት ነበራቸው። በአዘቦት ቀን ጉርድ ፎቶ ያነሣሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርግ። ፊልም የሚያጥቡበት መድኃኒት ሽታ ኮታቸው ላይ ስለሚቀር፣ በሩን ሳይከፍቱ መምጣታቸውን አውቅ ነበር። እኔ ደግሞ ለአፍታ አርፌ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርሁ። ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ ሲያነሡኝ እንኳ ሦስት ጊዜ አበላሽቼባቸዋለሁ። «አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ሥር እሳት አለ እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

በዚያ ዓመት በጥቅምት፣ እናቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ለአባቷ ተዝካር ቡሬ አጠገብ ወዳለው የእናቷ መንደር ሄደች። እኔና አባባ በማግስቱ ተከተልናት። ቡሬ ላይ ከመኪና ወርደን፣ አበባው ቢጫ ባደረገው የኑግ ማሳ መሐል ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ተጓዝን። አባባ ካሜራቸውን፣ ያን ሌንስና ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ተሸክመዋል። መንደሩ መብራት ስላልገባለት የሰማዩን ፎቶ ለማንሣት ቋምጠው ነበር። ለእኔ ግን ያኔ ሰማይ የሚያስፈራ ነገር ነበር። ኮከብ የቆጠረ ልጅ እጁ ላይ ኪንታሮት ያወጣል ሲባል ነው ያደግነው።

እራት እንደበላን አባባ ከቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ካሜራውን ወደ ሰሜን አዙረው አቆሙት። የካሜራውን ዓይን ከፍተው፣ እንዳይዘጋ የምትይዘውን ትንሽ ቁልፍ አጠበቁ። «አሁን እንደተከፈተ ያድራል። ኮከቦቹ ሲዞሩ መስመር ይሠራሉ» አሉኝ። «አትንኪው፤ አጠገቡም አትሩጪ። ሊነጋ ሲል ካልተዘጋ ግን ብርሃን ገብቶ ፊልሙን ያቃጥለዋል። ያኔ እኔ እዘጋዋለሁ።»

ብዙም ሳንቆይ አያቴ ከቤት ጮኹ። በአዊኛ ስለነበር ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ የእናቴን ስም ግን ሰማሁ። አባባ «እዚያው ሁኚ!» ብለውኝ ሮጡ።

ጋቢ ተከናንቤ ተቀመጥሁ። ተነሣሁ። ደግሞ ተቀመጥሁ። የእናቴ ማቃሰት ጉብታው ድረስ ይሰማኛል። ጎረቤቶች ባትሪና ፋኖስ ይዘው ከየአቅጣጫው መጡ። ወዲያው በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡና ቁልቁል ወደ መኪና መንገዱ ይዘዋት ወረዱ። አባባ ወደ እኔ አልመጡም። እግሬ ከእኔ በፊት ተነሣ። በኑጉ መሐል ሮጬ ወንዙ ዳር ስደርስ ተሸካሚ ለመቀየር ቆመው ነበር። አባባ የፊቱን በኩል ስለያዙ አላዩኝም። እናቴ ግን አየችኝ።

«ካሜራውን ለማን ትተሽው ነው?» አለችኝ፣ ጥርሷን ነክሳ።

«እማዬ፣ ልትሞቺ ነው?»

«አልሞትም። ተመለሽ። እንጀራችን እኮ ነው፤ ከብት ቢረግጠውስ?»

እጄን ጨብጣ ለቀቀችው፤ ቃሬዛው ተነሣ። እያለቀስሁ ዳገቱን ተመለስሁ። ብርሃኖቹ ወደ ታች እየቀጠኑ ሄደው ጠፉ። አያቴ መጥተው ወደ ቤት እንድገባ ቢለምኑኝ እምቢ አልሁ፤ አጎዛ አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስንቴ እንደተነሣሁ፣ ስንቴ ካሜራውን ዞሬ እንደተመለስሁ እንጃ። የጋቢዬን ጫፍ በጥርሴ በጫጭቄ ጨርሼዋለሁ። የመጨረሻው ዶሮ ሲጮህ ምሥራቁ መሳሳት ጀመረ። አባባ የሉም። አትንኪው ብለዋል፤ ካልተዘጋ ይቃጠላል ብለዋል። ቁልፏን ፈታሁ። «ቀጭ» አለ። ከዚያ እስኪነጋ ያስጨነቀኝ ያበላሸሁት መስሎኝ ነው።

ወሬው የመጣልን በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነው። እናቴ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ደርሳ ሴት ልጅ ተገላግላለች። ልጅቷ በጣም ትንሽ ናት፤ ትኑር አትኑር አይታወቅም። አባባ መጥተው ወደ ፍኖተ ሰላም ከወሰዱኝ በኋላ፣ እነዚያን ሳምንታት ሁሉ ቤታችን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አልነበረም። ሁለቱም ደኅና ሆነው ቤት ከገቡ በኋላ ነው አባባ ፊልሙን ያጠቡት። እርጥቡን ፎቶ በጣታቸው ጫፍ ይዘው ወጡ። ላይ ኮከቦቹ እንደ ሰፌድ ዙሪያ ክብ ክብ ሠርተዋል። ታች፣ ከቤቱ ተነሥቶ እስከ ፎቶው ጠርዝ የሚወርድ አንድ ጠማማ የብርሃን መስመር አለ፤ ቃሬዛውን ያጀቡት ባትሪዎችና ፋኖሶች ናቸው። አባባ ብዙ አዩት። እኅቴ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ያን ፎቶ ባየች ቁጥር «ከቤታችን ሰው እዚህ ላይ የሌለሽው አንቺ ብቻ ነሽ» እያለች ትስቅብኛለች።

አሁን ያ መንደር መብራት ገብቶለታል፤ መኪናም እደጃፉ ይደርሳል። እኔ ግን በማታ ከከተማ ወጥቶ ሰማይ ማንሣት እንደ ድሮው ስላልሆነልኝ፣ አዲሱን ሌንስ የምሞክረው በግቢያችን ነው። የመንገዱ መብራት ግማሹን ኮከብ ይውጠዋል። ካሜራውም ፎቶውን ወዲያው ያሳየኛል፤ እኔ ግን እሱንም ሳልታገሥ አሥር ጊዜ አነሣዋለሁ። በልጅነቴ ለአንድ ፎቶ ሌሊቱን ሙሉ፣ ከዚያም ስንት ሳምንት ጠብቄያለሁ።

በቅርቡ አንድ ማታ አባባ ወንበር አውጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስንት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የቆየውን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ያን ሌሊት ረስተውኝ ነበር?»

ቀና ብለው ካሜራውን አዩት። 

«ረሳሁሽ፣ ልጄ» አሉ። «ሆስፒታል ደርሰን ‹ሌላ ልጅ አላችሁ?› ብለው ሲጠይቁኝ ነው ትዝ ያልሽኝ። ውጭ ወጥቼ አለቀስሁ።»

«ምነው ታዲያ እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?»

«ስመለስ ዘግተሽው አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ምን አፍ ኖሮኝ ልንገርሽ?»

አልተቀየምኋቸውም። የሆነ ነገር ግን ከትከሻዬ ላይ ወረደ። ካሜራውን ረጅም ሰዓት ክፍት ሆኖ እንዲቆይ አስተካክዬ ዓይኑን ከፈትሁት።

«ብርዱ ይጎዳዎታል፤ ይግቡ» አልኋቸው።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወንበራቸውን ወደ ካሜራው አስጠጉ።

«ግቢና ተኚ» አሉኝ። «ዛሬ እኔ እጠብቀዋለሁ።»