ከላይ የታየ ዓሣ

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ንድፍ አንሺ ነበርሁ። ሥራዬ የመንገድና የውኃ ቦይ ንድፍ መሣል ነው፤ የአብዮት በዓል ሲቃረብ በቀይ ጨርቅ ላይ መፈክር የምጽፈውም እኔው ነበርሁ። በዚህ የተነሣ እጄ በከተማው ታወቀና፣ የሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሲያቋቁሙ ለማኅተማቸው የሚሆን አርማ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ።

ከገበያ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ገዝቼ ጠረጴዛዬ ላይ አጋደምሁት። ቅርፊቱን አንድ በአንድ፣ ክንፉን፣ ክብ ዓይኑን፣ ምንም ሳላስቀር ሣልሁት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ሊዋኝ ነው እያሉ አደነቁልኝ።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው ሐይቁ ዳር ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነበር። ቀድሞ አስተማሪ የነበሩት ሊቀ መንበር ወረቀቱን ከፍ አድርገው ለአባላቱ አሳዩ። ማንም አላጨበጨበም። አስተያየት ያለው እንዲናገር ሲጠይቁ፣ ከጎርጎራ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ተነሥተው ዓሣው እንደማይሆን ተናገሩ። ምኑ እንደማይሆን ሲጠየቁ ግን ተመልሰው ተቀመጡ። ሌሎቹም እውነታቸውን ነው እንደ ማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተናድጄ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ሳየው ግን ንዴቴ በርዶ ጥያቄው ብቻ ቀረኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች እኔ ያላየሁት ምን ታያቸው?

በማግሥቱ ሽማግሌውን መረባቸውን ሲጠግኑ አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ ዓሣዬ ምን ጎደለው?»

ቀና ብለው አዩኝ። ሊያስቀይሙኝ እንዳልፈለጉ ያስታውቃሉ።

«ምንም አልጎደለውም፣ ልጄ። ሞቷል እንጂ።»

ዓይኑን የሕያው ዓይን አድርጌ እንደሣልሁት ነገርኋቸው። እሳቸው ስለ ዓይኑ አልነበረም የሚሉት።

«በጎኑ የተጋደመ ዓሣ የገበያ ዓሣ ነው። እኛ በሕይወቱ ሳለ የምናውቀው ጀርባውን ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር አስቤው አላውቅም ነበር። እንዲያሳዩኝ ለመንኋቸው። ጥቂት አመንትተው፣ ነገ ነፋስ ሳይነሣ እንድመጣ ነገሩኝ።

በማግሥቱ ማለዳ የደንገል ታንኳቸው ላይ ተቀመጥሁ። ውኃው በደንገሉ መካከል እየሰረገ ቀሚሴን አራሰው። ዳር ዳሩን ቀስ ብለው ቀዘፉ። እኔ አጎንብሼ ብመለከትም ለረጅም ጊዜ ምንም አላየሁም። በኋላ መቅዘፋቸውን አቁመው በጣታቸው አመለከቱኝ። ከታንኳው ሥር፣ ውኃው ውስጥ፣ አንድ ጠቆር ያለ ነገር ቆሟል፤ ከፊቱ ደንደን ያለ፣ ወደ ኋላ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ጅራቱ ጋ ጥቂት የጎበጠ። ቅርፊቱም ዓይኑም አይታይም። እርሳሴን ሳነሣ ጥላዬ አስበረገገው መሰለኝ፣ ጠፋ።

«አየሽው?» አሉ።

«አየሁት።»

አዲሱ ሥዕል አምስት መስመር ብቻ ነበር። ለስብሰባው ሲቀርብ አስጋሪዎቹ ዓሣ መሆኑን መጠየቅ ትተው፣ ቆሮሶ ነው አምባዛ ነው እያሉ ይከራከሩ ጀመር። ሊቀ መንበሩ ግን ተጨነቁ። ማኅተሙን የሚያየው የበላይ መሥሪያ ቤት ነው፤ እዚያ ያለው ጸሐፊ ምንነቱን ሳያውቅ ቢመልሰውስ? ሥጋታቸው ልክ ነበር። ለባልደረቦቼ ሳሳያቸው አንዱ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው ብሎኝ ነበርና ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኋቸው።

ብዙ ተነጋግረው ማኅተሙ በመጀመሪያው ዓሣ እንዲሆን ወሰኑ። ሽማግሌውም እጃቸውን ያወጡት ለዚያው ነው። ገርሞኝ ስንወጣ ጠየቅኋቸው።

«ማኅተም ለቢሮ ነው» አሉኝ። «ቢሮ ደግሞ ሐይቅ ላይ አይወጣም።»

ሁለተኛውን ሥዕል ለራሳቸው እንድሰጣቸው ጠየቁኝና ሰጠኋቸው።

ከወራት በኋላ ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ የሠራሁትን ምልክት ሰውዬው አልወደዱትም፤ ዳቦው ዳቦ አይመስልም አሉኝ። አልተከራከርኋቸውም። እርስዎ ዳቦውን ከየት ሆነው ነው የሚያዩት ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው ግራ ቢያጋባቸውም፣ ጥቂት አሰቡና ወደ ምድጃው አፍ ይዘውኝ ገቡ።