ግንዱን ከጫካ ማን አወጣው?

አጎቴን አላህ ይማራቸው፤ እዚህ ጅቡቲ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ እንጨት ይነግዱ ነበር። ጣውላ ይዞ የሚመጣን ሁሉ ከዋጋው በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ግንዱን ከጫካው እስከ መኪና መንገዱ ማን አወጣው?»

አንድ ቀን አንድ ደላላ፣ ከጅማ ወዲያ ያለ ጫካ በሽርክና እናስቆርጥ ብሎ መጣ። የመጋዙን፣ የመኪናውን፣ የቀረጡን ወጪ ገምቷል። አጎቴ ያንኑ ጠየቁት።

«የመንደሩ ልጆች ገደሉን ሽቅብ በገመድ ይጎትቱታል፣ ሐጂ። እሱ እንኳ ወጪ አይባልም» አለ እየሳቀ።

አጎቴ የሸተተ ሥጋ እንደቀረበለት ሰው ፊታቸውን አዞሩ። «በወጣትነቴ ከወንድሜ ጋር ግንድ ስንጎትት ገመዱ ተበጠሰ። ግንዱ ወንድሜን ይዞት ወረደ። አሠሪያችንም የሚገምተው እንዳንተ ነበር። በል ውጣልኝ» አሉት። ሲወጣ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ሲገባ ጨብጠውት ነበርና።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ለቅሶው ሳይነሳ ያ ደላላ መጣ። ከእሳቸው በቀር ማንም የማይቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሰደቃውን ሥጋ እየበላ፣ ለልጃቸው «እንግዲህ ያቺን ሥራችንን እንጨርሳት» አለው። የአጎቴ ልጅ እሺ አለ። የአባቱን ወንድም አሟሟት እንደ እኔው ሲሰማ ያደገ ሰው ነው።

ደላላው ቅባት የነካ ጣቱን ሲልስ፣ የአጎቴ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ «ለእንግዳችን ሻይ አምጪለት» አለኝ።

«መጀመሪያ ከአባትህ ወንበር ይነሳ» አልኩት፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ።

ደላላው ግን አልተነሳም።