ፊት ፊት የሚሄደው ሰናዑላህ

የእህቴ ባል ሰናዑላህ ከሰው ኋላ መሄድ አይወድም። ሰርግ ቤት ሲገባ ቀድሞ ነው፤ ከመስጊድ ሲወጣም ቀድሞ ነው። እኛ የጉልማርግ መንደር ሰዎች አፋርዋት በምንለው ተራራ ላይ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እንግዶችን በበረዶ መንሸራተቻ ሲያወርድ የኖረው ፊት ፊት እየሄደ ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ግትር ነው። ይህን ስል እኔ ከእሱ ተሽዬ አይደለም።

ያን ዓመት ሐኪም ጉልበቱን አይቶ "ከእንግዲህ ገደል የሚባል ነገር ላይ እንዳትወጣ" አለው። ስለዚህ የወቅቱ የመጨረሻ ቀን ለእሱም የመጨረሻው ሆነ። ልጁ ሹጉፍታ ደግሞ በአባቷ ቦታ ገብታ እንግዶችን መምራት ትፈልጋለች። የመንገድ መሪነቱን ፈተና አልፋለች፤ እኛ መንገድ መሪዎቹም ጎበዝ መሆኗን እናውቃለን። የቀራት የአባቷ ቃል ብቻ ነበር። እሱ ግን በጠየቀችው ቁጥር "አንቺ ከኋላዬ ነይ፤ ሌላውን እናያለን" ይላታል። ልጅቷም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከኋላው ስትመጣ አደገች።

እኛ ዘንድ እንግዶቹ ሄደው በሽቦ ተንጠልጥሎ ወደ ተራራው የሚያወጣን ኬብል ካር ለጥገና ሊዘጋ ሲል መንገድ መሪዎቹ አንድ ቀን ለራሳችን እንወጣለን። ጫፉ ላይ ሻይ እንጠጣለን። ከዚያ በዕድሜ ትልቁ "እንሂድ" ብሎ ከጫፉ ቁልቁል ወደሚወርደው ጠባብ ፈፋ ቀድሞ ይገባል፤ ሌላው ይከተለዋል። ትልቁ ከተናገረ በኋላ ትንፍሽ የሚል የለም። በሚያዝያ የፈፋው በረዶ ሌሊቱን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ፀሐይ ስታገኘው ላዩ ብቻ ለስለስ ይላል፤ ያኔ መውረድ ነው እንጂ! ፀሐዩ ከበዛበት ግን ውስጡ ይበሰብስና ድንገት ተነቅሎ ሰውን ይዞ ይወርዳል። ሥራችን ልኩን ማወቅ ነው።

ያን ቀን ልኩን ያሳለፈብን ሻይ ነው። ጓደኛችን ነዚር በከሰል የሚፈላውን የሻይ ማፍያ፣ ሳሞቫሩን፣ ተሸክሞ ሲያወጣ ከሰሉ ረጥቦ ኖሯል፤ አልያዝ አለ።

"ነዚር፣ ሻይ ነው የምታፈላልን ወይስ በጭስ ልትገድለን ነው?" አልኩት።

"አንተን ነበር ከሰሉን ማሸከም፤ አፍህ እሳት ስለሆነ ይደርቅልን ነበር" አለኝ።

የጨው ሻዩ ሲደርስ ጨው አነሰው ተባለ፤ ተጨመረ፤ ደግሞ በዛ ተባለ። በእኛ አገር አንድ ስኒ ብቻ ጠጥቶ መነሳት ያፈላውን ሰው መስደብ ስለሆነ ሁለተኛው ተቀዳ። ዳቦ ተነከረ። ሰናዑላህም ከሰፊው ካባው ሥር ገላ የሚያሞቀውን የፍም ቅርጫት ታቅፎ፣ በጉብዝናው ዘመን የወረዳቸውን ገደሎች አንድ በአንድ ያወራ ጀመር። ማን ያቋርጠው? የመጨረሻ ቀኑ ነው። ሹጉፍታ ብቻ ስኒዋን እንደያዘች ቶሎ ቶሎ ወደ ፈፋው ታይ ነበር።

በመጨረሻ ካባውንና የፍም ቅርጫቱን ነዚርን አሸክሞ መንሸራተቻውን አሰረ።

"እንሂድ" አለ።

ሹጉፍታ ፈፋው አፍ ላይ ቆማ ምርኩዟን በረዶው ውስጥ ሰካችው። እስከ መያዣው ሰመጠ። ከበላይ፣ ከድንጋዮቹ ሥር፣ ትናንሽ የበረዶ እንክብሎች ማንም ሳይነካቸው እየተንከባለሉ ይወርዳሉ።

"አባዬ፣ አይሆንም" አለች።

ነዚር ንጹሑን ሳሞቫር ይወለውል ጀመር።

"ምን አልሽ?"

"አልፎበታል። ሻይ ስንጠጣ አለፈብን። በጀርባ በኩል፣ በጥላው እንውረድ።"

"ይህን ፈፋ እኮ አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቀው!"

"አውቃለሁ አባዬ። ግን እንግዳ ይዘህ ቢሆን ኖሮ አሁን ታስገባው ነበር?"

የሰናዑላህ ፊት ደም መሰለ። እውነቱን ለመናገር እኔ የፈራሁት ለእሷ ነው። በሰው ፊት ቢያዋርዳት ከዚያ ወዲያ በዚህ ተራራ ላይ ማን ይሰማታል? እሱ ግን ራሱ ሄዶ ምርኩዙን በረዶው ውስጥ ሰካ። ነቅሎ ሌላ ቦታ ሰካ። ከዚያ ቁልቁል ፈፋውን አየ። ዳግመኛ እንደማይወርደው እሱም ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን። አንጀቴን በላው።

"ቅደሚ" አላት።

የጀርባው መንገድም ቢሆን ቀልድ አይደለም፤ ቁልቁል ሲያዩት ያዞራል። ሹጉፍታ ሳትቸኩል አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እየታጠፈች ወረደች። ከለላ ያለው ድንጋይ ጋ ስትደርስ ቆማ ምርኩዟን ወደ ላይ ታነሳለች፤ አባቷ እስኪደርስ አትንቀሳቀስም። ጉልበቱን ስለምታስብለት መታጠፊያዎቹን ሰፋ ሰፋ ታደርጋቸዋለች። እሱም ዱካዋን ሳይለቅ ወረደ። እኔ ከኋላው ሆኜ ይህን ሰው በሌላ ሰው ዱካ ላይ ሳየው ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

ታች ደርሰን ከጥዶቹ ሥር አረፍንና ወደ ላይ አየን። ፈፋው ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ብዙ ጠበቅን፤ እፍኝ በረዶ እንኳ አልወረደም። ነዚር መቼም አፉ አያርፍ፣ "ይኸው በረዶው እንዳለ አይደል እንዴ? በከንቱ ነው የዞርነው!" አለ። ሹጉፍታ አንገቷን ደፋች። አባቷ አሁን ሊቆጣት ነው ብዬ ለሽምግልና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ሰናዑላህ ነዚርን የሰማውም አይመስል። ጉልበቱን እያሸ ልጁን ነበር የሚያየው።

"ለዓመት የሚመጡትን እንግዶች አንቺ ምሪያቸው" አላት።

ሹጉፍታ ቀና አለች።

"እኔ ሁልጊዜ ከፊት ስለምሄድ፣ ስትወርጂ አንድም ቀን አይቼሽ አላውቅም" አላት። "ለካ እንዲህ ነሽ!"