ተልጦ የመጣ ድንች

ከመንደሬ ከቆጋ የወጣሁበት ሌሊት የአባቴ የመስኖ ውሃ ተራ ነበር። ተራ ደግሞ እዚያ ቀልድ የለውም፤ ካለፈ አለፈ ነው፣ ድንቹ እስከሚቀጥለው ድረስ ይጠወልጋል። ባሕር ዳር የሚያደርሰኝ መኪና ጥሩንባውን ሲነፋ እናቴ አቅፋኝ ታለቅስ ነበር፤ አባቴ ግን ከማሳው ማዶ፣ ቦዩ ላይ ናቸው፤ የእጅ ባትሪያቸው ብልጭ ድርግም ሲል ብቻ አየሁ። ጉልበታቸውን ሳልስም ወጣሁ። ከዚያ አውሮፕላን፣ ሌላ አውሮፕላን፣ ከዚያ ሊድስ የምትባል የእንግሊዝ ከተማ፤ ሥራዬም አዛውንት መንከባከብ ሆነ።

አገር ቤት ያላችሁ፣ በደወልኩ ቁጥር ከሁሉም ጋር የማወራ ይመስላችኋል። ከእናቴ ጋር አዎ። አባቴ ግን "ደኅና ነሽ? እግዜር ይመስገን፤ እንኪ እናትሽን" ይሉና ያበቃል። ከወጣሁ ጀምሮ ከዚህ ያለፈ ቃል አላገኘሁም። ተቀይመውኝ ይሆን? ምነው ያን ሌሊት ማሳውን ተሻግሬ በሄድኩ ኖሮ እያልኩ እብሰከሰካለሁ።

ቤታቸው ውስጥ ክፍል ያከራዩኝ ማርጋሬት የሚባሉ አሮጊት ናቸው። መጀመሪያ ቀን ሽንኩርት ማቁላላት ስጀምር የጭስ ደወሉ ጮኸ፤ እሳቸውም በፒጃማ ከፎቅ ወረዱ።

"ምን ተቃጠለ?"

"ምንም፤ ወጥ እየሠራሁ ነው።"

"መቼ ያልቃል?"

"ገና ነው፤ በርበሬው አልገባም።"

"ሌላም የሚገባ አለ?" አሉና መስኮቱን ሁሉ በረገዱት። ውጭው በረዶ ነው! ከዚያ ወዲያ ማቁላላትም መጥበስም ተከለከልኩ፤ የተፈቀደልኝ ኦቨን ብቻ።

የችብስ ሰው የሆንኩት እንዲህ ነው። ከሱፐርማርኬት ድንች እገዛለሁ፤ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በረዶ ሆኖ፣ በከረጢት። ትሪ ላይ ዘርግቼ ኦቨን ውስጥ እከተዋለሁ። ቀላ ቀላ ሲል የቆርቆሮ ባቄላ እደፋበትና የተፈቀፈቀ ቺዝ እነሰንስበታለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ ቺዙ ይቀራል። ቺዙ ሲቀልጥ አውጥቼ፣ ተጠብሶ የታሸገ ሽንኩርት እበትንበታለሁ፤ ልጣጭ የለው፣ እንባ የለው። በመጨረሻ የእናቴን ሚጥሚጣ። ይጣፍጣል፣ አልዋሽም። ግን የጣና ዳሩን ችብስ ማን ይረሳል? አንድ ጊዜ አባቴን ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወስጃቸው ስንመለስ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን አዘዝኩላቸው። አንዱን አንስተው አገላብጠው አዩና "የቆጋ ነው" አሉ፤ ዘመድ ያገኙ ነው የሚመስሉት።

ባለፈው ሐሙስ እረፍት ነበርኩ። ምሳዬን ከኦቨን እያወጣሁ፣ ስልኩን ላውድ አድርጌ ደወልኩ። እናቴ ገበያ ሄዳ ኖሮ አባቴ ማሳው ላይ ሆነው አነሱት።

"ደኅና ነሽ? እናትሽ የለችም።"

ሊዘጉብኝ ነው ብዬ ቸኮልኩ። "አባየ፣ እዚህ ድንች ተልጦ ነው የሚሸጠው!"

አልዘጉም፤ "ማን ላጠው?"

"ማሽን።"

"ልጣጩንሳ ለማን ሰጡት?"

"እንጃ።"

"እንደዴት እንጃ ትያለሽ? ላም የላቸውም?"

"በረዶ ነው ደግሞ፤ ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም።"

"ዓመት! አያጎነቁልም?"

"አያጎነቁልም።"

"እንግዲያ ሞቷል በይኛ!" ብለው ሳቁ። አባቴ ሳቁ! ከዚያማ ስለ ዘንድሮው ድንች፣ ስለ ወለደችው ጊደር አወሩኝ። ችብሱ ቀዘቀዘ፤ ግድ አልሰጠኝም። ሳቃቸው ልብ ሰጠኝና፣

"አባየ፣ ያን ሌሊት ሳልሰናበትዎ ሄድሁ" አልኳቸው።

"ባትሪውን ሳበራ ሳጠፋ አላየሽም? መኪናው እስቲሰወር አበራሁልሽ እኮ።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "በይ ልጄ፣ ውሃው መጣ" አሉና ስልኩን ሳይዘጉ ኪሳቸው ከተቱት። አካፋው ሲቆፍር፣ ቀጥሎ ውሃው ወደ ድንቹ ሲገባ ሰማሁ። "አባየ!" ብዬ ተጣራሁ፤ አልሰሙኝም። እኔም አልዘጋሁትም፤ ችብሱ ፊት ተቀምጬ አለቅሳለሁ።

ማርጋሬት ከፎቅ ወረዱ።

"ቧንቧ ከፍተሽ ትተሻል? ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል።"

"ቧንቧ አይደለም" አልኳቸው፤ "አባቴ ናቸው።"