ካርድ ያልወጣለት ልብ

ቶሎን ወንበር ላይ ተደላድላ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። ስሟ ሌላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ «ቶሎ፣ ቶሎ በሉ» ስለምትል ግን ክሊኒኩ በሙሉ እንዲህ ብሎ ይጠራታል። ሥራዋ የልብ አልትራሳውንድ ማንሳት ነው። እኔ ካርድ ክፍል ነኝ፤ በሽተኛውን መዝኜ፣ ቁመቱን ለክቼ፣ ካርድ አውጥቼ ወደ እሷ እልካለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል፣ ተነታርከናልም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እላታለሁ፤ አትሰማኝም።

አንድ ቀን ጠዋት ታላቅ እህቷ መጣች። እናታቸው ከሞተች በኋላ ቶሎን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ አጭር፣ ከሲታ፣ ልብስ ሰፊ። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሰሞኑን ትንፋሽ እያጠራት ደረጃው መሀል ቁጭ ማለት ጀምራለች። ወረፋው በሩ ድረስ ሞልቷል። ቶሎ እጇን ይዛ በፊቴ አሳለፈቻት። ካርድስ ስላት «እህቴ እኮ ናት» አለችኝ። አሳለፍኳቸው፤ ለዘመድ ሲሆን እኔም አደርገዋለሁ።

ብዙም ሳይቆዩ እየሳቁ ወጡ። ልቧ ደህና ነው፣ ድካሙ የዕድሜ ነው ተባለ። እህትየው መርቃን ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ቶሎ ግን ከዚያ በኋላ አላርፍ አለች። ትገባለች፣ ትወጣለች፣ የዘጋችውን መስኮት ትከፍታለች። ምን እንደሆነች ስጠይቃት አንድ ነገር የረሳሁ ይመስለኛል አለች።

ከሰዓት በኋላ ውጤቶቹን ወደየካርዱ ሳስገባ በአንድ ድንጋይ ጫኝ ስም ሁለት ወረቀት አገኘሁ። ሰውዬው ጠዋት አልትራሳውንድ የተነሳ ነው፤ በር የሚሞላ፣ ዘጠና ስምንት ኪሎ። ይኼ ሰው ሁለት ልብ አለው እንዴ ብዬ እየቀለድኩ ወሰድኩላት።

ወረቀቱን አየችና ፊቷ አመድ መሰለ። ከእሱ ቀጥሎ የገባችው እህቷ ነበረች። አዲስ ካርድ ስላልነበራት መሣሪያው ላይ የእሱ ፆታ፣ ቁመትና ክብደት እንዳለ ቀርቷል፤ ልቧ የተመዘነው በእሱ ልክ ነው። ቶሎ ወረቀቱን እያሳየችኝ አስረዳችኝ። የሴት ልብ በአብዛኛው ከወንድ ልብ ያንሳል፤ ሰውነትም ሲያንስ ልብ አብሮ ያንሳል።

«ለእሱ ልክ የሆነው ለእሷ ብዙ ነው» አለች። «ልቧ ተለጥጧል። እኔ ደግሞ ደህና ነሽ ብዬ ሰደድኳት።»

ስልክ ደወለች፤ አይነሳም። ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ወጥታ ሮጠች።  እኔም ፈራሁ፤ ዝም ብዬ ያሳለፍኳት እኔ ነኝ።

እህትየውን ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ትንፋሿን ስትሰበስብ ነበር ያገኘቻት። ደግፋ አመጣቻት። ሚዛን ላይ አቆምኳት፤ ሹራቧን ስታወልቅ አርባ ሦስት ኪሎ። ካርድ አወጣሁላት። አልትራሳውንዱን እንደገና ስትነሳ ቶሎ የፈራችው ሆነ። ሐኪሙ የዚያኑ ዕለት መድኃኒት አስጀመራት፤ ብትዘገይ ኖሮ አስቸጋሪ ይሆን እንደነበር ነገረን።

አሁን በየወሩ ለክትትል ትመጣለች፤ ደረጃውንም ቀስ እያለች ትወጣዋለች። ባለፈው ወረፋው ረዝሞ ስለነበር አዘንኩላትና በጎን እንድትገባ ጠቆምኳት። ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ተዪኝ ልጄ፣ እንደ ሰዉ ተራዬን ልጠብቅ» አለችኝ። «እህት ሆኜ ስገባ ሳታየኝ ቀርታለች።»

ቶሎ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት። ተራዋ እስኪደርስ ድረስ አንድም ጊዜ ቶሎ በሉ አላለችም።