የኤልሳቤጥ ሁለት ላሞች

እነ ኤልሳቤጥ መንደር፣ ሆሳዕና አጠገብ ሌሞ ውስጥ፣ ሰው በአደራ የያዘውን ከብት “የእገሌ ነው” ብሎ ለእንግዳ አይናገርም። ነውር ነው። ባለቤቱ ሰው ቤት የሚያኖረው ከሰው ዓይን ሊሰውረው አይደል! ኤልሳቤጥም ባሏ ከሞተ ጀምሮ የአቶ ለማን ሁለት ላሞች በጋጣዋ ይዛ ትኖር ነበር። ወተቱን ይካፈላሉ፤ እበቱ ግን የእሷ ነው። ጓሮዋን የሞላው እንሰት የሚያድረው በዚያ እበት ነበር፤ እሷ ደግሞ በእንሰቱ።

በ2004 ዓ.ም. አቢጋኤል የምትባል መጠይቅ የምታስሞላ ልጅ ከሆሳዕና መጥታ ስንት ከብት እንዳላት ስትጠይቃት፣ “ሁለት” አለች። ምን ትበል ታዲያ?

ከወራት በኋላ ሕዝቡ ቀበሌ አዳራሽ ተጠራ። አቢጋኤልን የላኳት ባለሙያዎች ከመጠይቁ ያወጡትን ነጠብጣብ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳዩ፤ እያንዳንዷ ነጠብጣብ አንድ ቤት ነች። ድርቅ ሲበረታና የመንደሩ ከብት የሚግጥበት ተራራ እንዲያገግም ሲከለል ማን ምን እንደሚያደርግ ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ ያውቃል ተባለ። ጉድ እኮ ነው! ሁለት ከብት ያለው አንዷን ሸጦ ይቋቋማል፤ ስለዚህ ተራራው ላይ የሚጀመረው፣ እህል የሚከፈልበት የእርከን ሥራ ከብት ለሌለው ብቻ ነው። የኤልሳቤጥ ነጠብጣብ ከሚቋቋሙት ጋር አረንጓዴ ሆነች።

“ላሞቹ የእኔ አይደሉም” ብትል እዚያው ለሥራው ትመዘገብ ነበር። አቶ ለማ ግን ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። አደራ ነውና አንገቷን ደፍታ ዝም አለች፤ ምስኪን።

ተራራው ተከለለ፤ ሣር ጠፋ። አቶ ለማ በሳምንቱ መጥቶ ላሞቹን ፈታና አንጋጫ፣ ግጦሽ ወዳላቸው ዘመዶቹ ነዳቸው። የራሱ ከብቶች ናቸው፣ ማን ይከለክለዋል? ስለ ዝምታዋ ግን አንዲት የምስጋና ቃል እንኳ ከአፉ አልወጣችም፤ የሚያንገበግበው ይሄ ነው። የእርከን ሥራው ምዝገባም ያኔ አልፎ ነበር። እንሰቱ ፍግ አጥቶ ቀጨጨ። ኤልሳቤጥም ያልደረሰውን እየነቀለች ለምግብ መፋቅ ጀመረች።

በዓመቱ አቢጋኤል ተመልሳ መጣች። ጋጣው ባዶ፣ ጓሮው የተራቆተ ነው። ግራ ገብቷት ላሞቹ የት እንደሄዱ ጠየቀች።

“ኮምፒዩተራችሁ ውስጥ ናቸዋ፣ የኔ ልጅ” አለቻት ኤልሳቤጥ። “እበታቸውን ላኩልኝ።”

አቢጋኤል ፈገግ ልትል ቃጣትና ቀና ብላ አየቻት። ኤልሳቤጥ ባዶውን ጋጣ እያየች ታለቅስ ነበር።