ቀጭን እጅ

ትናንት በቴሌቪዥን አሮጌ ማኪና የሚያድሱ ፈረንጆች ሳይ፣ አንዱ ሞተር ውስጥ የወደቀበትን የብሎን ዳዶ ጫፉ ማግኔት በሆነ ቀጭን ዘንግ ስቦ አወጣው።

በልጅነቴ፣ ፀዳ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በአጎቴ በአያ ሙላት ግቢ፣ ያ ዘንግ እኔ ነበርኩ። አያ ሙላት ከጣሊያን ዘመን የቀረች ማኪና ሊያስነሣ ዓመታት ደክሟል፤ የእሱ እጅ የማይደርስበት ጥግ የኔ ይገባል። የግራሶው ሽታ ከጸጉሬ አይለቅም ነበር። ልጆች ደብተር ይዘው በአጥሩ ሥር ሲያልፉ፣ «አያ፣ እኔስ መቼ ነው የምማረው?» እለዋለሁ።

«ማኪናዋ የተነሣች ዕለት። ምነው፣ ትምህርት ቤቱ የሚሸሽ መሰለሽ?»

አንድ ጠዋት ተነሣች። ጎረቤቱ እልል ሲል እኔ እግሬን ታጥቤ፣ ቀሚሴን ቀይሬ በር ላይ ቆምኩ። አያ ሙላት እጄን ከፍ አድርጎ ለሰው አሳየ።

«ይኸን የመሰለ ሸጋ እጅ እርሳስ ይዞ ይበላሽ?»

ሁሉም ሣቁ። በሳምንቱ ከኮላ ድባ ሌላ ስባሪ ማኪና አስጎትቶ መጣ።

አንደኛ ክፍል የገባሁት እጄ ወፍሮ ሞተር ውስጥ አልገባ ያለ ዓመት ነው። «በይ እንግዲህ ሂጂ፤ ከአሁን ወዲያ ምን ትሠሪልኛለሽ?» አለኝ።

ፈረንጁ ዘንጉን በጨርቅ ወልውሎ፣ በጥንቃቄ ወደ ቦታው መለሰው።